የኑርሀያት ቅጠል ዱዓ ያቋረጠች ጊዜ

ወላሂ ይህ ነገር እውነት ነው። በወላሂ የማያምነኝ ካለም በሐይቅ እስጢፋኖስ እምልለታለሁ። እዚሁ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ በዚሁ በጋ የሆነ ነው። ያላመነ ሱሩርን ይጠይቅ፤ ሱሩር ከካደ ደግሞ ከሱሩር ጋር ይጣላ፣ እኔን ይተወኝ።

ዘይኑልአቢዲን ዕድሜውን በአይሱዙ መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ወገቡ እምቢ ሲለው መኪናውን ሸጦ ቤቱ ገባ። ገብቶ ፍራሹ ላይ ጋደም አለ፤ ጋደም እንዳለም ቀረ። ውሃ ሲጠማው «ኑርሀያት!» ይላል። ትራሱ ሲንሸራተት «ኑርሀያት!» ይላል። አፍንጫው ላይ ያረፈችን ዝንብ እንኳ በኑርሀያት ነው የሚያባርራት።

ኑርሀያት ሚስቱ ናት። አንድ ጠዋት አምባሰል ያለችው እህቷ ታማ ልታስታምም ተነሳች። ባጃጁ ከደጅ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል።

«ስማ ዘይኑ» አለችው በሩ ላይ ቆማ። «ምግብህን ራዚያ ከጎረቤት ታቀብልሃለች። አንተ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠብቅልኝ፤ እሷን።» በአገጯ የሳሎኑን ጥግ ጠቆመችው።

እዚያ ጥግ፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ፣ የፈረንጅ ቅጠል አለች። ኑርሀያት ምግብ ትሠራበት የነበረው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ሲዘጋ ከጥራጊው መሀል ያወጣቻት ናት። የቅጠሏ ፊት አረንጓዴ ሆኖ ነጭ ክር የተጠለፈበት ይመስላል፤ ጀርባው ወይን ጠጅ ነው። ስሟን የሚያውቅ የለም። አመሏን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፦ ቀን ቅጠሏን ዘርግታ ትውልና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ በአንድ ወደ ላይ ታነሳዋለች፤ ልክ ዱዓ ላይ እንዳለ ሰው እጅ።

«መግሪብ አያመልጣትም» ይላል ጎረቤቱ ሱሩር።

«የእኛ ናት እንጂ፤ ለሠርክ ጸሎት ነው የምትቆመው» ይላል ከማዶ የሚኖረው የቄስ ልጅ ኃይለ ኢየሱስ። በዚህ ሲከራከሩ መሽቶ ይነጋል እንጂ ተጣልተው አያውቁም።

«ከሞተች አልመለስም» አለች ኑርሀያት። «እዚያው እህቴ ጋ እቀራለሁ። ለሷ ያላሰበ ሰው ለኔም አያስብም።» ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። ባጃጁ ይዟት ሄደ።

ዘይኑልአቢዲን ደነገጠ። ደንግጦም ባልዲ ሙሉ ውሃ አነሳና አንዴ ደፋባት። ጀሪካኑ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ምንጣፉ ተንሳፈፈ፤ ከአርዲቦ ሐይቅ የመጣች እንቁራሪት ቤት ልከራይ ብላ በር አንኳኳች። ይህን ውሃ ላድርቅ ብሎ ደግሞ ፀሐይ ላይ አወጣት። የየካቲት ንፋስ ሲመታት ዋለና የቅጠሏ ጠርዝ ፍም እንደነካው ወረቀት ተጠቀለለ። አመሻሹ ላይ እጇን አላነሳችም።

ሱሩር በመስኮት አንገቱን አስገባ። «አያ ዘይኑ፣ ይች ልጅ ሶላት አቋረጠች እንዴ?»

ኃይለ ኢየሱስ ከኋላው ሆኖ «ኧረ እኛም ዘንድ ለሠርክ አልመጣችም» አለ።

ዘይኑልአቢዲን መስኮቱን ላያቸው ላይ ዘጋና ለሚስቱ ደወለ።

«እንዴት ናት?» አለች፣ እሱን ሳትጠይቅ።

«ማሻአላህ ናት።»

«ማታ ማታ እጇን ታነሳለች?»

የተጠቀለለውን የቅጠሏን ጠርዝ በጣቱ ሊዘረጋ ሞከረ።

«ዘይኑ?»

«ትንሽ ደክሟታል።»

ከስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «ሥሯን ውሃ ውስጥ አትድፈቀው። እሷ የምትፈልገው እርጥብ አየር ነው። ቆርቆሮው ሲግል ቤቱን ያደርቀዋል። ቅጠሏን ፊቱንም ጀርባውንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረግላት። አጠገቧ ማንቆርቆሪያ አስቀምጥና እንፋሎቱ ይድረሳት። ንፋስ እንዳያገኛት በሩን ዝጋ። እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው።»

«ሁልጊዜ?» አለ።

«ሁልጊዜ።»

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ፍራሹን አየው። እዚያ ላይ ያን ሁሉ ጊዜ ተጋድሞ ሲኖር፣ ጨርቅ ይዛ አንድ ቀን እንኳ አላያትም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ድካሙን እንኳን እሱ፣ እኔ ሳወራው ወገቤን ያመኛል። መብራቱ የጠፋ ቀን ደጅ ወጥቶ ከሰል ያቀጣጥላል፤ ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ይዞ ይገባል፤ እንፋሎቱ ሲያልቅ ይዞ ይወጣል። በመሀል ጨርቅ ነክሮ ይጠርጋል። የመጨረሻዋን ቅጠል ሲጨርስ የመጀመሪያዋ ደርቃ ትጠብቀዋለች። ሲሰለቸው «ኑርሀያት!» ብሎ ይጣራል፤ የገዛ ድምፁን ይሰማና ራሱ ይነሳል። ማታ ሲተኛ ጣቶቹ እንደ አሮጊት ጉንጭ ተጨማድደው ነው። ጠዋት ሲነሳ ቅጠሏ ያው ናት፤ አልሞተችም፣ አልዳነችም።

አንድ ሰሞን ደግሞ የሐይቁ ጉም ይሻላታል ብሎ ገና ሳይነጋጋ በጋቢ ጠቅልሎ በባጃጅ ይወስዳት ጀመር። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከታንኳው ላይ ሆኖ «ይማራት አቦ! ታማሚዋ ማን ናት?» አለው።

«ሚስቴ…» አለና ተንተባተበ፤ «የሚስቴ ናት።»

ሰውየው ጋቢው ጫፍ ላይ ብቅ ያለችውን ቅጠል አየ። ሌላ ሳይጠይቅ ቀዘፈ።

ወሬው ከሱ ቀድሞ ከተማ ገባ። ወሬውን ያባባሰችው ደግሞ ራዚያ ናት። ምሳውን ይዛ ስትመጣ ዘይኑልአቢዲን ጥጉ ላይ ቁጢጥ ብሎ «አብሽሪ፤ ትንሽ ታገሺኝ። እኔም እኮ ደክሞኛል» ሲል ሰማችው። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ምሳውን ይዛ ተመለሰች፤ ከዚያም ለኑርሀያት ደወለች፤ «ባልሽን ጂን ሳይዘው አልቀረም።»

በእኛ አገር ሰው ሲጨንቀው ዝም አይባልም። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ጫቱን ይዞ፣ የጨነቀው ሰው ቤት ገብቶ ዱዓ ያደርግለታል። ወዳጃ ይባላል። እስላም ክርስቲያን የለውም፤ የመጣ ሁሉ አሚን ይላል። በማግስቱ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሸህ አብዱልመናን ከፊት፣ ሰፈሩ ከኋላ ሆኖ ግር ብሎ ገባ።

«እኔ እኮ አልታመምኩም!» አለ ዘይኑልአቢዲን፣ ጨርቁን እንደያዘ።

«የታመመ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው» አሉ ሸሁ።

«ሸሆቼ፣ የታመመችው እሷ ናት።» ጥጉን አሳያቸው።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሱሩር «እኔ ነግሬያችሁ ነበር» አለ።

ሸሁ ቅጠሏን አየት አደረጉና የክብሩ ቦታ ላይ ተቀመጡ። «ለቅጠል ወዳጃ አይቀመጡም። ለአንተ ነው የምናደርገው። እሷም ከሰማች ጆሮዋን አንይዝባትም።»

ንፋሱ ስላስቸገረ በሩም መስኮቱም ተዘጋ። ደጅ የፈላ ማንቆርቆሪያ በማንቆርቆሪያ ላይ ይገባል፤ ሰዉ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ ያልበዋል፤ «አሚን!» ባለ ቁጥር ትንፋሹ ሽቅብ ይወጣል። እየቆየ ግድግዳው አላበው። ቀጥሎ ትንፋሹ ቆርቆሮው ሥር ደመና ሠራና ያካፋ ጀመር። ጃንጥላ የዘረጋ አለ። ኃይለ ኢየሱስ ጋቢውን አውልቆ ሲጨምቀው ጀበና የሚሞላ ውሃ ወጣው።

ዘይኑልአቢዲን ከጀሪካኑ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ኑርሀያት ከሄደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንቆርቆሪያውን ሌላ ሰው አመላለሰለት። ጨርቁን እንደጨበጠ እንቅልፍ ወሰደው።

የቀሰቀሰው ከሁሉ የበለጠ አንድ «አሚን!» ነው። ዓይኑን ሲገልጥ ሰዉ በሙሉ ፊቱን ወደሱ አዙሯል። ወደሱ ሳይሆን ወደ ጎኑ። አንዷ ቅጠል ቀስ ብላ ቀና አለች። ሌላዋ ተከተለቻት። ከዚያ የተቃጠለ ጠርዝ ያላቸው ሳይቀሩ ሁሉም ወይን ጠጅ ጀርባቸውን እያሳዩ ተነሡ።

«መግሪብ ደረሰ» አለ ሱሩር።

«ሠርክ» አለ ኃይለ ኢየሱስ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። ኑርሀያት ቦርሳዋን እንደያዘች፣ የመንገዱ አቧራ ሻሿ ላይ እንዳለ ቆማለች። እብድ ባል ልታይ ነበር የመጣችው። ሰዉን በጉልበቱ መሀል አቋርጣ ጥጉ ጋ ደረሰችና ቁጢጥ አለች። ቅጠሏን አልነካቻትም። የሱን እጅ ነው ያነሳችው፤ ገለበጠችና የተጨማደዱትን ጣቶቹን አየች።

«አንተ ነህ የጠረግካት?»

«ሌላ ማን አለና።»

«ጀርባዋንም?»

«ጀርባዋንም።»

«ደከመህ?»

«ደከመኝ፣ ኑርሀያት» አለ። ከዚያ፣ «አንቺንስ?»

ይህን ጠይቋት አያውቅም። ኑርሀያት አየችው፤ አየችውና ሳቀች። የሳቋ ድምፅ ዱዓውን አልፎ ደጅ ድረስ ተሰማ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ እንቁራሪቷንም ሆነ ደመናውን አልነካሁም፣ እንዳሉ እውነት ናቸው። የሳቁን ነገር ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት። አልሳቀችም። ጨርቁን ከእጁ ወስዳ ቦርሳዋ ላይ ጣለችው፤ ጫማዋን አወለቀችና አጠገቡ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። «እኔንማ…» ብላ ጀመረች፤ ሳትጨርሰው እንቅልፍ ጣላት። ሸህ አብዱልመናን በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ሰዉም የቀረውን አሚን በለሆሳስ አለው።