የቅዳሜ ቧንቧ

«ተነሺ! ወንበሩ የቤተሰብ ነው!»

«ቤተሰብ ሲመጣ እነሳለሁ።»

«እህቱ ነኝ እኮ! የእናቱ ልጅ!»

«እግዜር ያጥናዎት። ሆስፒታል አይቼዎት ስለማላውቅ ነው።»

ለቅሶ የመጣው ሰው ሳቁን በሳል ዋጠው። ቧንቧ ሠሪው ጋሼ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሚስቱ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ ከቀብር ወዲህ ቃል አልወጣትም። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ሚስማር ደግሞ የጋሼን ትልቁን መፍቻ ከወንበሩ ትራስ ሥር ሸጉጣ፣ ላዩ ላይ ቁጭ ብላበታለች። ሌላ ሰው እንዳይወስደው ነው። ሚስማር ያላት ራሱ ጋሼ ነው፤ «በመቱሽ ቁጥር ትጠብቂያለሽ» እያለ።

«ለመሆኑ ምኑ ነሽ?»

ሚስማር ከኪሷ አንድ ደብዳቤ መዘዘች። ወላጅ የሌላቸውን ልጆች በአደራ ቤተሰብ የሚያኖረው መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዳቸው በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚመክር ሰው ይመድባል። በወረቀት እሱ «አማካሪ»፣ እሷ «ተመካሪ» ነበሩ። ደብዳቤውን ትናንት ነው የላኩላት፦ «አማካሪዎ በሞት ስለተለዩ ግንኙነቱ ተቋርጧል።»

«መብራት ነኝ እንዴ የምቋረጠው!» አለችና ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፋ ከሚወላገደው ወንበር እግር ሥር ወሸቀችው። ወንበሩ ቀጥ አለ። ለዚህስ ጠቀመ።

የመጀመሪያ ቀን ጋሼን ልታባርረው ብላ የአደራ እናቷን የወጥ ቤት ቧንቧ አላልታ ጠበቀችው። ውሃ ልጠጣ ብሎ ሲከፍተው ከራሱ እስከ ጫማው አጠበው። ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ይከሳታል። እሱ መነጽሩን ጠረገና መፍቻ ወረወረላት።

«የፈታሽውን እሰሪ። ምክር አልችልም፤ የምችለው ቧንቧ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ አልቀረም። በመጨረሻ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው እንኳ ታች ቆሞ «ሚስማር፣ ውረጂ!» እያለ ሰፈሩን ያምሰው ነበር።

ጠብ... ጠብ...

«የቧንቧ ሠሪ ቤት ያፈሳል?» አለች እህት ወደ ወጥ ቤት እየሄደች። «ሰው ምን ይለናል!»

«አያጥብቁት! ውስጡ ያለው ጉሚኒ ነው ያለቀው፣ ቢያንቁት ይሰበራል!»

«ደሞ አዛዥ ሆነችልኝ!»

ቀጭ! እጀታው እህት እጅ ላይ ቀረ፤ ውሃው ጣሪያ ነካ። ለቀስተኛ ቀሚሱን ሰብስቦ፣ ጫማውን አንጠልጥሎ ወንበር ላይ ወጣ። ሚስማር በረረች፤ ግቢ ወጥታ ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ጠረቀመችው። እንደ ራሰ ድመት ሆና ስትመለስ፣ እህት እጀታውን እንደያዘች የሚስማር ወንበር ላይ ተቀምጣ ታለከልካለች።

«ባለሙያ ይጠራ! ይቺ ትውጣልኝ! ምናችን ናት?»

ያኔ ጥግ ያለችው ሚስት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይህን ቧንቧ ላሠራ ስለው እንዳትነኪው አለኝ። የቅዳሜ ነው፣ የሚስማር ነው፣ ለሷ ነው ያቆየሁት አለኝ።»

ሚስማር በረጠበ እጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገች። እህት ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠች፤ የሆነ ነገር ቆርቁሯታል።

«እና ምን ይሁን ነው የምትይው?» አለች።

«ተነሺ ነዋ፤ መፍቻዋ ላይ ተቀምጠሻል።»