ሳፋ ውስጥ የታጠበው ፓምፕ

የአውሮፕላን መካኒኩ ሚስት ወልዳ የተኛች ልጇን ልትጠይቅ መናኸሪያ ብትሄድ አውቶቡሱ ሞልቶ ጠበቃት። የባሏ የሥራ ባልደረባ የሆነው አብራሪ ከነጓዟ ቆማ አገኛት።

«እትዬ፣ ምን ያንገላታዎታል? እኔም ወደዚያው ነኝ፤ አንድ ወንበር ባዶ አለ።»

እምቢ ልትል ነበር። ግን የልጅ ነገር ሆነባት። አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ሲደርሱ ባሏ ወርክሾፕ ውስጥ ነበርና መሳፈሯን አላየም።

አውሮፕላኗ አራት ሰው ብቻ የምትይዝ ናት። ከኋላ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። መሬቱ ከሥር ሲሸሽ የመካኒኩ ሚስት ነፍሷ ጥፍሯ ውስጥ ገባች። አብራሪው ሳቀ።

«አይዞዎት እትዬ! ይችን ሞተር እኮ ባለቤትዎ ናቸው ያዳኗት። የዘይት ፓምፗ አልቆ ስንት ጊዜ ቆማ ነበር። አዲሱ አልመጣ ሲል፣ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ገጠሙላት።»

እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ።

ባሏ በቀደም ጠዋት በልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ ውስጥ አንድ ብረት በናፍጣ እያጠበ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ ነበር። «ልብሴን ናፍጣ ልታለብሰው ነው?» ብላ ስትጮህበት፣ «የጎረቤት ውሃ መሳቢያ ነው፣ አትነዝንዢኝ» ብሏት ነበር።

የወርክሾፑን ሕግ እሷም ታውቃለች። ከሞተር ወልቆ የተጣለ ዕቃ ማንም አንስቶ እንዳይገጥመው ሰው ፊት በመዶሻ ይፈረካከሳል። «ለብረትም ቀብር አላችሁ?» እያለች ትስቅባቸው ነበር። ሳፋዋ ውስጥ የነበረው ግን አልተፈረካከሰም። ያለቀ ነገር ደግሞ ቢታሽ ይሳሳል እንጂ አይታደስም።

ብትናገር ባሏ እስር ቤት ነው። ዝም ብትልስ? ዞር ብላ አየች። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

«የዘይቱ መለኪያ የትኛው ነው?»

«ይቺ መርፌ። አረንጓዴው ላይ እስካለች ሰላም ነን።» አብራሪው መስታወቱን በጣቱ መታ አደረገው። መርፌዋ ከአረንጓዴው ጠርዝ ላይ ትንቀጠቀጣለች። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?» አለ። ሳቁ ጠፍቷል።

«ባሌን በሬዲዮ አገናኘኝ።»

«እትዬ፣ አሁን እኮ...»

«አገናኘኝ አልኩህ!»

ምድር ላይ ሬዲዮውን የሚይዘውም ባሏ ነው። አብራሪው ጠርቶት ማዳመጫውን ሰጣት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሳፋዬ ውስጥ ያጠብከው ብረት እዚህ ሞተር ውስጥ ነው ያለው?»

«አንቺ... እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የጠየቅኩህን መልስ!»

«ውረዱ!» ብሎ ጮኸ። «መንገድም ይሁን ማሳ፣ አሁኑኑ አውርዳት በይው!»

የተቃጠለ ዘይት ሸተታቸው። መርፌዋ ወደ ታች ወረደች። ከዛፎቹ አናት ላይ ሲደርሱ ሞተሩ አንዴ ቀጭ አለና ቆመ፤ ዝምታው ከጩኸቱ ባሰባት። የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። አብራሪው የታጨደ ማሳ ላይ አንጥሮ አንጥሮ አሳረፋት፤ አንዱ ጎማ ተገነጠለ። ሕፃኑ ያኔ ነቅቶ አለቀሰ፤ እናቱም አብራው።

ባሏ በፒክአፕ እየበረረ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል። እግሯ ሥር ተደፋ።

«አንቺ እንዳለሽበት ባውቅ መቼ አስነሣት ነበር!»

«እሷስ?» አለችው፣ ሕፃን ወደታቀፈችው ሴት እያመለከተች። «የሷ መኖር ምንህም አልነበረም?»

ባሏ መሬት መሬት አየ። «ያን ያህል ቶሎ ይበላሻል አላልኩም እኮ።»

«ለፖሊስ ራስህ ንገር። ካልነገርክ እኔ እነግራለሁ።»

«የልጆቼ እናት፣ ትመሰክሪብኛለሽ?»

«አዎ» አለች።