የሮሐ ወተት

ሮሐ ሐኪም ቤት የሄደችው ለዓይኗ ነበር። ከጎኗ የሚመጣ ነገር አልታይ ብሏት ተቸግራ ከርማለች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች የምትኖር ሴት ናት፤ መርፌው ፊት ለፊቷ ስለሆነ ከሥራዋ አላገዳትም። አሰላ ላይ ባጃጅ ግን ከፊት ብቻ አይመጣም። አንዱ ገጭቶ አስፋልት ላይ ከዘረራት በኋላ፣ ባለ ባጃጁ ጭራሽ "አይታይሽም እንዴ?" ብሎ ጮኸባት። እውነቱን ነው፣ አልታያትም።

ዶክተር ነቢላ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና፣ "አፍንጫዬን እያየሽ ጣቴ ሲታይሽ ንገሪኝ" አለቻት። ጣቷን ከዳር ወደ መሀል ቀስ እያለች አመጣች። ሮሐ ያየችው ጣቱ የዶክተሯ ጉንጭ አጠገብ ሲደርስ ነው። ነቢላ እጇን አወረደችና ዓይን ሊታከም የመጣ ሰው የማይጠብቀውን ጠየቀች።

"የወር አበባሽ ይመጣል?"

"ከቆመ ቆየ።"

"ጡትሽስ? ሳትወልጂ ወተት ወጥቶሽ ያውቃል?"

ሮሐ ክው አለች። "ማን ነገረሽ?" አለቻት።

እንዲህ ብትል አይፈረድባትም። ያገባችበት ከተማ ዲክሲስ ላይ ወሬውን ያልሰማ ሰው አልነበረም። ይበልጣል የሚባል እህል ነጋዴ አግብታ፣ ከእናቱ ከወይዘሮ እታገኘሁ ጋር አንድ ግቢ ኖራለች። ልጅ አልመጣም። ጸበሉም ተጠጣ፣ ስለቱም ተሳለ፣ ወይ ፍንክች። አንድ ቀን እንግዳ ስታስታጥብ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ረጠበ። እታገኘሁ ያንን አዩና (አንቱታውን የምሰጣቸው ለዕድሜያቸው ብቻ ነው) እንግዳ ሳያፍሩ፣ "ይሄ ወልዳ የጣለች ሴት ጡት ነው" አሉ። በቃ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ይበልጣል መሬት መሬቱን አየ፣ ሮሐ ልብሷን በፌስታል ይዛ አሰላ እናቷ ቤት ገባች።

እናቷ እማማ ውድነሽ መጀመሪያ ላይ እንደ ነብር ነበሩ። "የወለድኳትን ልጅ እኔ አላውቃትም?" እያሉ ወሬኛውን ሁሉ አፉን አስያዙት። አንድ ቀን ግን ዴራ ለቅሶ አለብኝ ብለው ሄዱና ሌላ ሰው ሆነው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሱትም፤ ሰው ሲያነሳባቸውም ወደ ጓዳ ይገባሉ። ሮሐ ለቅሶው ከብዷቸው ነው ብላ ተወችው። ሊሞቱ ሲሉ እጇን ያዙና፣ "ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ፤ እግዜርም ይቅር ይበልሽ" አሏት። "እማዬ፣ አልወለድኩም እኮ" ብትላቸው፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ "እሺ፣ እሺ" አሏት። በዚያው አረፉ። እሷን ያ "እሺ" ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት።

ነቢላ ደሟን አስመረመረች፤ አዳማ ልካም ኤምአርአይ አስነሳቻት። ፊልሙ ሲመጣ መስኮቱ ላይ ለጥፋ አሳየቻት። ከአፍንጫዋ ጀርባ፣ የራስ ቅሏ ወለል ላይ፣ አተር የምታክል እጢ የምትቀመጥበት ትንሽ ጎድጓዳ አጥንት አለ። እዚያ ዕባጭ በቅሏል። ወደ ላይ እያደገ የዓይኗን ጅማት ተጫነው፤ ሰውነቷንም ያላረገዘችውን ልጅ የወለደች አስመስሎ ሲያታልለው ኖሯል።

"ካንሰር አይደለም" አለች ነቢላ። "አብዛኛው ሰው በኪኒን ይሻለዋል። እምቢ ካለ በአፍንጫ በኩል ገብተው የሚያወጡ ሐኪሞች አሉ።"

"ልጅ የከለከለኝም እሱ ነው?"

"አዎ። ያኔ ኪኒኑን ጀምረሽ ቢሆን ኖሮ..." ነቢላ ፊልሙን ወደ ፖስታው መክተት ጀመረች። "አሁንም ተስፋ አትቁረጪ።"

ሮሐ ስለ ልጅ አላለቀሰችም፤ ያንን አልቅሳ ጨርሳዋለች። አሁን የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ ያንን ቃል ያወጣው አፍ ራሱ መልሶ እንዲውጠው። ኪኒኑን ጥቂት ሳምንት ከዋጠች በኋላ ደረቷ ደረቀ፣ የዓይኗም ዳርና ዳር መከፈት ጀመረ። ፊልሙን ይዛ ዲክሲስ ሄደች።

ወይዘሮ እታገኘሁ አርጅተው፣ ይበልጣልም ከሁለተኛ ሚስቱ ጋር አዳማ ከትሞ፣ በዚያ ሰፊ ግቢ ብቻቸውን ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው።

"ይኸው፣ በሽታ ነው። አልወለድኩም" አለቻቸው።

ፊልሙን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። "እሱንማ መች አጣሁት" አሉ።

"ምኑን?"

"አለመውለድሽን ነዋ። ይበልጣል ያኔ የአሁኗን ሚስቱን አስረግዟት ነበር። የሷ ሆድ ሊገፋ ነው፣ አንቺ ደግሞ የሚያስባርር ጥፋት የለብሽ። ቀሚስሽ ረጥቦ ሳይ፣ ምክንያት ተገኘ አልኩ።" ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። "እናትሽም አሳዝናኛለች። ‹ዴራ ለቅሶ አለብኝ ብዬ ነው የመጣሁት፣ ልጄ እንዳታውቅ፤ እውነቱን ንገሪኝ› ብላ እዚሁ ተንበርክካ ለመነችኝ።"

ሮሐ አጠገባቸው ካለው መደብ ላይ ቁጭ አለች።

"ምን አሏት?"

"ማልኩላታ። ማተቤን ይዤ፣ ወልዳለች ብዬ ማልኩላት። ምን ላድርግ፣ ልጄን ላዋርድ? ደግ ሴት ነበረች፤ ማተብ ስታይ አመነች።" ዓይናቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ እኔም መሄጃዬ ደርሷል፤ ይቅር በይኝ፣ ሮሐዬ።"

ሮሐ ፊልሙን ፖስታው ውስጥ መለሰችው።

"በእኛ ቤት ይቅር የምትለው እናቴ ነበረች" አለቻቸው። "እሷም ያለ ጥፋቴ እኔው ላይ ጨረሰችው።"

ተነሥታ ስትሄድ የአሮጊቷ እጅ የቀሚሷን ጫፍ ሊይዝ ሲዘረጋ ከጎን ታያት። ዞር ሳትል ወደ መኪና መቆሚያው ወረደች።