የጠርሙሶቹ ሰዓት

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ጸሎቱን ተውኩት።

ባሎና ክሪክ የሚባለው የአሜሪካ ወንዝ ከባሕሩ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ፣ ዓመት ሙሉ እስከ ጉልበቴ እየገባሁ ውሃ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ፋይቶፕላንክተኑን፣ ያን በዓይን የማይታይ ተንሳፋፊ የውሃ ተክል፣ በማይክሮስኮፕ ዘር በዘር ለይቼ የቆጠርኩትም እኔ። አለቃዬ ዶክተር ግርማቸው ፓሳዴና ካለው ቢሮው ንቅንቅ አላለም። ቆጠራው ሲያልቅ "ቀሪውን ለእኔ ተይው" ብሎ ወረቀቱን ወሰደብኝ። ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ ስሜ የለበትም።

ስጠይቀው "ኦኬ፣ ሄልፕ አድርገሽኛል። ሥራው ግን የእኔ ነው" አለኝ።

ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። "ባሕሩ ሲጎድል የፋይቶፕላንክተኑ ዓይነት ይበዛል" ይላል፤ አዲስ ግኝት ነው ብሎም ይኩራራል። ወንዙ ውስጥ የቆመ ሰው የሚያውቀው ግን ተቃራኒውን ነው፤ የባሕሩ ዘር ሁሉ ተግተልትሎ የሚገባው ባሕሩ ሞልቶ ወንዙን ሽቅብ ሲገፋው ነው። ነገሩ ገባኝ። ጠርሙሶቹ ላይ፣ ከዚያም ቆጠራው ላይ የጻፍኩት በኢትዮጵያ ሰዓት ነው፤ እሱ በአሜሪካ ሰዓት አንብቦታል። ባሕሩ በስድስት ሰዓት ሞልቶ በስድስት ሰዓት ስለሚጎድል፣ የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ሙላቱን ጉድለት፣ ጉድለቱን ሙላት አደረገበት። በጠርሙሶቹ ሳጥን ክዳን ላይ "ሰዓቱ የኢትዮጵያ ነው" ብዬ በትልቁ ጽፌ ነበር። ክዳኑን የሚያየው ግን ሳጥኑን የተሸከመ ነው።

ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ሳጥኑን አልጋዬ ስር ከትቼ ጠበቅሁ።

በፈረንጆቹ 2014 የሀገር ልጆች ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሊሸልሙት ተሰበሰቡ። እጄን አወጣሁ።

"ዶክተር፣ ውሃውን ማን ቀዳው?"

"ራሴ ነኛ! ስድስት ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ በዚያ ብርድ!"

ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ክዳኑን ሽልማቱን ለያዙት ለጡረተኛዋ መምህር ለእትዬ ፀሐይወርቅ ሰጠኋቸው። ጮክ ብለው አነበቡት።

"ታዲያ ይሄ ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን አይደለም እንዴ? ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ነው ያልነጋው?" አሉት።

"ሶ፣ ጥናቱ በሙሉ ተገልብጧል" አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እስኪበቃኝ ሳቅሁ።

ዶክተሩ መኪናዬን ፓርክ ያደረግሁበት ድረስ ተከተለኝ። "ፋና፣ ፕሊስ። አርሚልኝ፤ ስምሽን ከስሜ በፊት አስገባለሁ።"

ዓመት ሙሉ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

"አይ ዶክተር፣ ያኛውስ የእርስዎ ነው" አልኩት። "እኔ የራሴን አዲስ እጽፋለሁ። የእርስዎን ስህተት ደግሞ ከነሙሉ ስምዎ እጠቅስልዎታለሁ።"