ፀሐይ የዋጠችው በተን

ሂያም አፑን የሠራችው ሰመራ፣ ማራገቢያ ስር ተቀምጣ ነው። ሐሳቧ የከባድ መኪና ሾፌሮች ገና መንገድ ላይ ሳሉ ምግባቸውን አዝዘው፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ያለው የአክስቷ የዙሌይካ ምግብ ቤት ሲደርሱ ትኩሱን እንዲያገኙ ነበር። ከሁሉም በላይ የምትኮራው «እዘዝ» በሚለው በተን ቀለም ነው፤ ነጭ መደብ ላይ ፈዘዝ ያለ የአሸዋ ቀለም። ለሱ ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቶባታል።

በሳምንቱ አክስቷ ደወለች። «ሂያሜ፣ ሾፌሮቹ ሁሉ ስልካቸው ላይ ጭነውታል፤ ያዘዘ ግን አንድም የለም። ፍየሉን አሳርጄ ቁጭ ብያለሁ እኮ!»

ሂያም ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው። ስህተት አጣችበት። ግራ ቢገባት በማግስቱ ማልዳ ላፕቶፗን ይዛ ወደ አዋሽ ተሳፈረች።

ስትደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። የቤቱ የቆየ ደንበኛ፣ ሾፌሩ አብዱልበሲጥ፣ መኪናውን ከአስፋልቱ ማዶ አቁሞ ሲመጣ የምግብ ቤቱ በር ላይ አገኘችው።

«ጋሼ፣ እስቲ ምሳዎን በስልክዎ ይዘዙልኝ።»

ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው፤ አራቀው፤ በመዳፉ ከለለው። «ጥብሱን አየሁት። ማዘዣው የታለ?»

«ይኸው፣ እዚህ ጋ!» ብላ ጣቷን ዘረጋች። ጣቷ አየር ላይ ቀረ። በዚያ ፀሐይ ፈዛዛው በተን ለእሷም አልታያትም። አፍራ ፊቷን ሸፈነችና ሳቋ አመለጣት።

እዚያው በረንዳ ላይ ላፕቶፗን ከፈተች። በየገጹ ኮድ ውስጥ ለየብቻ ጽፋው የነበረውን ቀለም አንድ ቦታ ሰበሰበችው፤ አንድ መስመር ስትለውጥ የሁሉም በተን ቀለም አብሮ ይለወጥ ጀመር። አዲሱን በጫነችለት ቁጥር አብዱልበሲጥ ስልኩን ይዞ ፀሐይ ላይ ይወጣል።

ቀይ ስታደርገው፣ «ኧረ ልጄ፣ ቀይ ስናይ ቁሙ ነው የተባልነው! ማን ይነካዋል?» አለ። ዙሌይካ ከኩሽና ብቅ ብላ «ሮዝ አድርጊው» አለች። ተሞከረ። በረንዳው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ራሷ ዙሌይካ ነበረች።

በመጨረሻ ደማቅ ቢጫ ላይ ወፍራም ጥቁር ፊደል አደረገች። አብዱልበሲጥ አስፋልቱን ተሻግሮ መኪናው አጠገብ ቆመ፤ ወዲያው የዙሌይካ ስልክ ጮኸ።

«ማሻአላህ! ማነው ያዘዘው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ከማዶ፣ ስልኩን እያውለበለበ። «ቃሪያው ይብዛበት!»

ሂያም አዲሱን አፕ ለሾፌሮቹ ሁሉ ላከችው። አሥር ሰዓት ላይ ገና መንገድ ላይ ካሉ ሾፌሮች ትእዛዝ መጣ፤ የአራት ሰው እራት። ላፕቶፗን ዘጋችና ሽንኩርት ልትልጥ ወደ ኩሽና ሮጠች።