የፕላስቲኩ እንቢልታ

ይድነቃቸው ጭነቱን ከባጃጁ ሲያወርድ ረቢዓ መጀመሪያ ውሃ ሊያስገቡልን ነው ብላ ደስ አላት። መንደሩ የቧንቧ ውሃ ከጠየቀ ዘመን ሆኖታል። ቀረብ ብላ ስታይ ግን ቱቦዎቹ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆነው የተቆረጡ፣ ጫፋቸው የተበሳ፣ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ቀለም የተቀቡ ናቸው።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችው።

«እንቢልታ ነው፣ እትዬ ረቢዓ። ለነገው በዓል። ቢሮው ነው ያሠራው።»

ይድነቃቸው የባህል ቢሮ ሠራተኛ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አለቃ የሚፈራ ልጅ ነው እንጂ። ረቢዓ ደግሞ የመንደሩን የጉሙዝ ቡድን የምትመራ ሴት ናት። የባህል በዓል በመጣ ቁጥር ቢሮው ያስታውሳታል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይረሳታል።

የነረቢዓ እንቢልታ የሚሠራው ከሽመል ነው፤ ሽመል የቆላው ቀርከሃ ነው፣ ወንዛቸው ዳር ጫካ ሆኖ የሚበቅል። በመንደራቸው ልማድ እንቢልታ በየዓመቱ አዲስ ይቆረጣል፣ ያምናው አይነፋም። ሽማግሌዎቹ ገብተው ጫካውን ሳያስፈቅዱ አንድ ዘንግ የሚነካ የለም። የበሰለውን ይወስዳሉ፣ ለጋውን ለከርሞ ይተዉታል።

ዘንድሮ በጋ ላይ ታዲያ ያ ጫካ «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት» ተባለና ሰሊጥ ለሚያለማ ባለሀብት ተሰጠ። ዶዘር መጥቶ ግማሹን ገለበጠው። ለቀረው ከበዓሉ ማግስት እመለሳለሁ ብሎ ሄደ፤ የበዓሉን እንግዶች አቧራው እንዳይረብሻቸው ነው አሉ። አይ አሳቢነት። ረቢዓ ቢሮ ለቢሮ ስትንከራተት ከረመች፣ መልሱ «ይታያል» ብቻ ነበር። «ይታያል» ማለት እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የማያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹም የተረፈችው ዘራችን ናት፣ ዘንድሮ አንድ ዘንግ አይቆረጥም ብለው ከለከሉ። ቢሮው ይህን ሲሰማ የፕላስቲክ ቱቦ ቀብቶ ላከ።

ረቢዓ አንዱን አነሣችና ነፋችው። ጉንፋን የያዘው ሰው ሲናፈጥ ነው የሚመስለው። ዙሪያዋ የተሰበሰቡት ሳቁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም፤ ደሟ ፈልቷል።

«ከሩቅ አይለይም እኮ» አላት ይድነቃቸው።

«እናትህ ብትሞት ፎቶዋን አጥርህ ላይ ሰቅለው፣ እነሆ እናትህ፣ ከሩቅ አትለይም ቢሉህ እሺ ትላለህ?»

«እኔ ምን ላድርግ? እንግዶቹ ከላይ ነው የሚመጡት። እናንተ ካልወጣችሁ እኔን ነው የሚበሉኝ።»

«እንወጣለን፣ ማን እንቀራለን አለህ? ይኼን ቆሻሻ ግን መልሰህ ጫነው።»

በማግስቱ የከተማው ሜዳ በሙቀት ይጋገራል። እንግዶቹ ዳስ ውስጥ ላብ በላብ ሆነዋል። መድረኩ ላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፦ «ብዝኀ ሕይወታችንና ብዝኀ ባህላችን ሀብታችን ነው!» ከጽሑፉ ሥር የረቢዓ የራሷ ፎቶ አለ፣ አምና ጉንጯን ነፍታ እንቢልታ ስትነፋ። ፎቶውን ሳያስፈቅዷት ነው የወሰዱት።

ስማቸው ሲጠራ የነረቢዓ ቡድን ወጣ። ጨሌው፣ ጌጡ፣ ሁሉም ተሟልቷል። እጃቸው ግን ባዶ ነው። ተሰለፉና ዝም ብለው ቆሙ።

ፊት የተቀመጡት የወረዳው አስተዳዳሪ፣ አቶ ቸሩ፣ ለእንግዶቹ ፈገግ አሉና ድምፅ ማጉያው ጋ ወዳለው ይድነቃቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ልጁ ያምናውን ቅጂ ከፈተው። የረቢዓ የራሷ ትንፋሽ ከማጉያው ወጥቶ ሜዳውን ሞላው። ያ ድምፅ የወጣበት ሽመል ዛሬ በቦታው የለም። ዞራ ይድነቃቸውን አየችውና «አጥፋው» አለችው። አቶ ቸሩ ደግሞ ከወዲህ «ጨምረው» ይሉታል። ልጁ መሀል ቤት ተሰነገ። ላቡን ጠረገ፣ ከዚያ ፍላሹን መዝዞ ኪሱ ከተተው። ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

ረቢዓ ማይኩን ያዘች።

«የኛ እንቢልታ ወንዝ ዳር ነው ያለው። ግማሹን ዶዘር ገልብጦታል፣ የቀረውን ነገ ሊገለብጥ ነው። አቶ ቸሩ እዚሁ አሉ፣ ይጠየቁ።»

አቶ ቸሩ ብድግ አሉ። «እትዬ ረቢዓ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፣ ይታያል።»

«ማን ነው የሚያየው?»

«የሚመለከተው አካል ነዋ።»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ የሚመለከተው አካል?»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ረቢዓ ከሕዝቡ ጋር አልሳቀችም። «እንግዲያው እስኪታይ እንቀመጣለን» አለችና መድረኩ ላይ ተቀመጠች። ቡድኑ ተከትሏት ተቀመጠ።

አቶ ቸሩ ቀጣዩ ቡድን እንዲወጣ አዘዙ። ቀጣዮቹ አያቶቻቸው ከደጋ ወርደው የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፣ ፊት ፊታቸው ማተቤ ማሲንቆውን ይዟል። ከመድረኩ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ተመለከተ።

«ሰው ተቀምጦበታል፣ ጌታዬ። የት ልቁም?»

«ጥግ ይዛችሁ ተጫወቱ!»

«እነሱ ተቀምጠው እኛ ስንዘል ምን ሊያምርብን» አለና ማሲንቆውን ብብቱ ሥር ከቶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ከላይ ከመጡት እንግዶች አንዱ ወደ አቶ ቸሩ ጆሮ ጎንበስ አሉ። ምን እንዳሏቸው የሰማ የለም፤ የአቶ ቸሩ ፊት ግን ሲቀላ ሁሉም አየው። ማይክ ተቀብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መሬቱ እንደገና እስኪጠና ድረስ... ዶዘሩ ይቆማል።»

«ጮክ ይበሉ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች ረቢዓ።

«ዶዘሩ ይቆማል ብያለሁ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። አቶ ቸሩም ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ፈገግታቸው ተመለሰ። «በሉ እንግዲህ፣ አሁን ጨፍሩልን።»

ረቢዓ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ብትጨፍር ቀኑ በሰላም ያልቅ ነበር፣ እንግዶቹም ፎቶ አንስተው ይሄዱ ነበር፣ ነገሩም እዚያው ይቀር ነበር። ይህን አሳምራ ታውቃለች።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ዛሬ ጭፈራ የለም» አለች። «መንግሥት የሚያውቀን ስንጨፍር ብቻ ነው፣ ዘንድሮ ሳንጨፍርም ይወቀን። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ጫካው ዘንድ ነን። ጫካችን ይኑር ተብሎ በወረቀት የተጻፈ ቀን ሽማግሌዎቹ አስፈቅደው እንቆርጣለን፣ እዚያው እንነፋለን፣ መስማት የሚወድ እዚያ ይምጣ። ዶዘሩ ከመጣም ይምጣ። መቀመጥ እንደምንችል አይታችኋል።»

ማይኩን ለይድነቃቸው አቀበለችውና በማተቤ አጠገብ አልፋ ወረደች።