ድልሁ ላይ የፈሰሰው ቅቤ

እስቲ ቁጭ በሉና ስሙኝ። ለሰው ካልተነፈስኩት ይሄ ንዴት ያሳምመኛል። ለልጆቼ ብናገር «ለበርበሬ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» ነው የሚሉኝ። ለበርበሬ አይደለም። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ልጄ ሰላማዊት አምና ሰኔ ላይ ታመመች። ሳንባዋ ውሃ ቋጥሮ ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታል ተኝታ አንዲት ኩባያ ውሃ መጠጣት አቅቷት ሳያት፣ አንዱ ሐኪም ወደ ኮሪደር ጠራኝና «እናት፣ ጸልዩ» አለኝ። ሐኪም ጸልዩ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የወለደ ያውቀዋል። ቀጥ ብዬ የካ ሚካኤል ሄድኩ፤ ደጁ ላይ ተንበርክኬ ተሳልኩ። «ልጄን ካቆምክልኝ፣ የሰንበቴ ተራዬ ሲደርስ በጓሮዬ ካበቀልኩት በርበሬ በእጄ ድልህ ሠርቼ ከዳቦ ጋር አበላለሁ። ከገበያ አንድ ፍሬ በርበሬ አልቀላቅልበትም» አልኩት።

ለምን ጎመን አላልሽም ትሉኝ ይሆናል። ጎመንማ ጓሮዬ ሳልለምነውም ይበቅላል። ለልጅ ሕይወት በማያደክም ነገር ይሳላል እንዴ? የካ ላይ በርበሬ ማቅላት ቀልድ አይደለም። ቃሪያው ይመጣል፣ አረንጓዴ እንዳለ ብርድ ይመታዋል፣ በቃ እንደዚያው ይቀራል።

ዘሩን የሰጠችኝ ሀናን ናት። ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ አላት፤ አገሯ ሀላባ ነው፣ የበርበሬ አገር። ስለቴን ለእሷ ብቻ ነው የነገርኳት።

«እትዬ ሥርጉት፣ የካ ላይ በርበሬ? ሹራብ ሊያለብሱት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

እውነትም ሹራብ አለበስኩት። በኅዳር ውርጭ በየማታው በማዳበሪያ ከረጢትና በልጆቼ አሮጌ ሹራብ እየሸፈንኩ፣ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ እየገለጥኩ አሳደግሁት። ውሃ እዚህ ሰፈር በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ በርሜሉን ሞልቼ፣ ሲጠፋ በጣሳ እየቀዳሁ። ከአጥር ማዶ ያለው ባህር ዛፍ ደግሞ ሥሩን በአጥሩ ሥር ልኮ እርጥበቱን ይመጥጥብኛል። ወገቤን ይዤ ዶማ አንስቼ ሥሩን ስቆርጥ የከረምኩት እኔ ነኝ። ጥር ላይ ቀላ። ሀናን መጥታ አየችና ዝም አለች። እሷን ዝም ማሰኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ልጄም ዳነች። መድኃኒቱን ገና አልጨረሰችም እንጂ ሥራዋን ጀመረች፣ ወሰን ሰፈር ወደተከራየችው ቤቷ ተመለሰች። ስለቱን ግን አልነገርኳትም። ገና እየተነፈሰች ላለች ልጅ «ሞትሽ ብዬ ተስዬልሽ ነበር» ይባላል? ስለት ሲገባ ነው የሚነገረው።

በርበሬውን ቀንጥሼ አጠብኩት። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን፣ ከደጃፌ የቆረጥኩትን ጤና አዳም ጨምሬ በድንጋይ ፈጨሁት። እጄ ሲያቃጥለኝ አደረ። ማሰሮ ውስጥ ጨምሬ አፉን በሻሽ አስሬ እንዲብላላ ማድ ቤቱ ጥግ አስቀመጥኩት። ድልህ ሲብላላ ላዩ ላይ ነጭ ነገር ያወጣል። ያንን ገፈፍ አድርጎ ማማሰል ነው፤ አይጎዳም። መብላላቱን ሲጨርስ የኑግ ዘይት ላዩ ላይ ይፈስበታል፤ ዘይቱ አየር ከልክሎት ዓመት ይቆያል። የእኔ ተራ የነበረው ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው እሑድ ስለሆነ በደንብ ይደርስልኝ ነበር። ነበር ነው እንግዲህ።

የነነዌ ጾም ሲገባ እንደ ልማዴ እንጦጦ ጠበል ወጣሁ። ጾሙ እስኪፈታ እዚያው ነው የማድረው። ሰላማዊትን ጠርቼ «እቤት እደሪልኝ፣ ጎመኑን አጠጪ፣ ማሰሮውን እንዳትነኪ» አልኳት። እንዳትነኪ ብያታለሁ። ይሄን ያዙልኝ።

ሐሙስ ጠዋት ከእንጦጦ ወርጄ በሩን ስከፍት የቀለጠ ቅቤ ሸተተኝ። ለገንፎዋ ነው አልኩ። መድኃኒቱን በባዶ ሆዷ እንዳትወስድ ሐኪሙ ስላዘዘ፣ የንስሐ አባታችንም ፈቅደውላት አትጾምም። ቅቤውንም በእጄ ያነጠርኩት ለእሷው ነው። ነጠላዬን ሳላወርድ ማድ ቤት ገባሁና ማሰሮውን ገለጥኩት። ቢጫ ሆኖ ረግቷል።

«ሰላም፣ ነይ እስቲ። ይሄ ምንድነው?»

«እማዬ፣ አተረፍኩልሽ እኮ» አለች እየሳቀች። «ሻግቶ ነበር። ሻጋታውን ገፍፌ ጣልኩና ቅቤ አፈሰስኩበት። ስብ ነገር ከላይ ከለበሰ አይበላሽም ሲሉ ቲክቶክ ላይ አየሁ።»

«ዘይት ነው እሱ።»

«ዘይት አልነበረማ። ደግሞ አንቺ የዘይት ጠርሙስ እንኳ ትደብቂያለሽ። ቅቤውን አገኘሁና መጀመሪያ እስከ ታች እንዲደርስ አማሰልኩት፣ ከዚያ የተረፈውን ከላይ…»

«አማሰልሽው?»

«በደንብ ነዋ።»

በደንብ። በነነዌ፣ የነነዌ ሰው ከብቱን ሳይቀር ባስጾመበት ቀን፣ ልጄ ለሚካኤል በተሳልኩት ድልህ ውስጥ ቅቤ በደንብ አማሰለች።

«ተራዬ መቼ ነው?» አልኳት።

«የምን ተራ?»

«የሰንበቴ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ሁዳዴ ላይ ነው። በጾም። ለጾመኛ ቅቤ ላብላ?»

ያኔ ገባት። ፊቷ ቀላ፣ ወደ ማሰሮው ጎንበስ አለች። «ላዩን ብንገፈውስ?»

«አማስለሽዋል።»

«እሺ በቃ፣ ሌላ ይገዛል። ሱፐርማርኬት እኮ ታሽጎ ይሸጣል፣ ንጹሕ ነው፣ እንዲያውም ከዚህ…» ብላ ነጩን ነገር አስታውሳ ነው መሰለኝ ተወችው።

ይገዛል ስትል ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ብርድ ከበርበሬ ጋር የተንቀጠቀጥኩት ለሚገዛ ነገር ነው? «ቦርሳሽን ያዢና ወደ ቤትሽ ሂጂ» አልኳት።

«እማዬ፣ ለበርበሬ ነው ልጅሽን ከቤት የምታስወጪው?»

«አዎ፣ ለበርበሬ ነው።»

ሄደች። በሩን እንኳ ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ እሱ ራሱ አናደደኝ።

ማታ ወንድሟ ታዴዎስ ከሐዋሳ ደወለ። እሷ ነግራው ነው። «እማዬ፣ ቅቤ የጠጣ ድልህ አስቀያሚ ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ አታቆዪው፣ በመኪና ጫኚልኝ» ይለኛል። «አንተ ሆዳም» ብዬ ዘጋሁበት።

የቅበላ እሑድ ቅዳሴ ተፈጽሞ ስወጣ እትዬ ለተጊዮርጊስ በሩ ላይ ጠበቁኝ። የሰንበቴያችን ታላቅ እሳቸው ናቸው፤ ስለቱን ሳላነሣ በተራዬ የጓሮዬን ድልህ እንደማቀርብ ነግሬያቸው ነበር።

«ሥርጉት፣ የጓሮሽን ድልህ ስንጠብቅ ቅቤ ጠጣ አሉ» አሉኝ፣ ሌሎቹ እንዲሰሙ ጮክ አድርገው። «ልጆቻችንን ዩኒቨርሲቲ ስንሰድ ጾም ማስተማሩን ረሳነው።»

«የእኔዋ ጾሙን ብትረሳም የእናቷን ቤት አልረሳችም፣ እትዬ» አልኳቸው። የእሳቸው ልጆች ዓመት በዓል እንኳ ብቅ አይሉም። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የት እንደቆምኩ ያየሁት። ሚካኤል ይቅር ይበለኝ። ግን አልዋሸሁም።

ለእሳቸው ማን እንደነገራቸው አላጣሁትም። ቁልቁለቱን ወርጄ ቀጥ ብዬ ሱቅ ገባሁ።

«ሀናን፣ አፍሽን ምን ላድርገው?»

«እትዬ፣ ለእሳቸው የነገርኳቸው የቅቤውን ብቻ ነው። እንቁላል ሊገዙ መጥተው ጨዋታ ጨዋታን ሲያነሳ ነው። ስለቱን የነገርኩት ለሰላማዊት ነው።»

«ስለቱን?»

«እያለቀሰች መጣቻ። እናቴ ለበርበሬ አባረረችኝ አለች። ምን ልበላት? እኔ የበርበሬ አገር ልጅ ነኝ፤ በርበሬ ተሰርቆበት፣ ተቃጥሎበት፣ በዝናብ በስብሶበት ያለቀሰ አይቻለሁ። ልጁን ያባረረ ግን አላየሁም።»

ከዚያ ደግሞ ለስለስ ብላ፣ «አባቴ አንድ ማዳበሪያ ይልክልኛል። የእርስዎ ሚካኤል የሀላባ በርበሬ አይቀበልም?» አለችኝ።

«እሱማ ይቀበላል። ቃሌን የማልበላው እኔ ነኝ።»

እቤት ስገባ ሰላማዊት ደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሳልጠራት። ጫማዋ አፈር ነው፣ ዳገት የወጣች ትመስላለች።

«እትዬ ለተጊዮርጊስ ቤት ሄጄ ነበር» አለችኝ። «ገና ከቤተ ክርስቲያን እየገቡ ደረስኩ። ጉልበታቸውን ሳምኩና ለመንኳቸው። የእሳቸው ተራ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ያኔ ሁሉም ፈስኳል፣ ቅቤ ይበላል። የአንቺን የጾሙን ተራ እሳቸው ይይዛሉ፣ የእሳቸውን አንቺ ትይዣለሽ። እሺ አሉ።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«እሺ ያሉት እንዲሁ ነው?»

«የለም። ‹እናትሽ ምላሷ እንደ ድልኋ ነው› አሉኝ። ዳቦውን በራሴ ተሸክሜ ዳገቱን እኔ እንድወጣ፣ እኔው ቆሜ እንዳስተናግድ ነው የተስማማነው።»

እዚያች ቅጽበት ያቀፍኳት መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የበለጠ ነው የተናደድኩት። የእኔን ስለት፣ እኔ ከሚካኤል ጋር የተነጋገርኩትን፣ እሷ ሰው ቤት ገብታ ቀን ትቆርጥለታለች?

«ስለቱንም ነገርሻቸዋ» አልኳት።

«ነገርኳቸው። ስለ እኔ አይደል እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም ግን?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ዘይት እገዛ ነበር» አለች።

ልስቅ ነበር። ንዴቴን እንዳላባክነው ፊቴን አዞርኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር፤ አላለቀም። ድልህ በዘይት ዓመት ይቆያል፤ በቅቤ የተማሰለ ግን እኔ አላውቅም፣ እናቴም አላወቀች፣ ማን እንዲህ ሠርቶ ያውቃል? ከፊታችን የመጋቢት ሙቀት አለ። ቅቤው ከሻገተ ስለቴም አብሮ ሻገተ ማለት ነው። ፍሪጅ እንዳትሉኝ፣ መብራቱን ታውቁታላችሁ። ጓሮ ወርጄ በርበሬው የነበረበት መደብ ላይ ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ እርጥብ አሸዋ አልብሼ ማሰሮውን እስከ አንገቱ ቀበርኩት። በላዩ ያንኑ አሮጌ ሹራብ አርጥቤ ጣል አደረግሁበት። አሸዋው እንዳይደርቅ ጠዋትና ማታ አጠጣዋለሁ። በርበሬውን አጠጥቼ አልበቃኝም፣ ማሰሮ አጠጣለሁ።

መበላሸት አለመበላሸቱን ደግሞ በምን ልወቅ? ካልቀመሱት በማሽተት ብቻ አይለይም። እኔ እንዳልቀምስ ሁዳዴ ገባ። በጭልፋ ትንሽ ይዤ ሀናን ጋ ብሄድ ሳቀች።

«እትዬ፣ እኔም እኮ ጾም ነኝ። ረመዳን ገባ።»

«ማታ ስታፈጥሪ ቅመሺልኛ።»

«ያኔማ ካርቶንም ይጣፍጠኛል። ፍርዴን እንዳያምኑት።»

ዞሬ ዞሬ ከማውቀው ሰው ሁሉ ድልሁን መቅመስ የምትችል አንዲት ብቻ ሆና አገኘኋት፤ ለመድኃኒቱ ሲባል የማትጾመው፣ ያበላሸችው ራሷ።

እና አሁን በየእሑዱ ከወሰን ትመጣለች። መኪና ማቆሚያው ድረስ ወጥቼ አልቀበላትም፤ እዚያው ጓሮ ነው የምጠብቃት። አሸዋውን ገፋ አድርጌ ማሰሮውን እከፍታለሁ፣ ዳቦ እቆርሳለሁ፣ አጥቅሼ እሰጣታለሁ። ስታኝክ አፏን አያለሁ። ያ ሆስፒታል ውስጥ ውሃ እንኳ አላሳልፍ ያለው ጉሮሮ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ።

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንዳትዋሺኝ።»

«ያቃጥላል።»

«በርበሬ ነዋ። ቅቤው እንዴት ነው ነው ያልኩሽ።»

«አልሸተተም እማዬ፣ በሚካኤል። እንዲያውም ጣፍጧል፣ ቅቤ የሌለበትን ከዚህ በኋላ ማን…»

«ዝም በይ።»

ባለፈው እሑድ ሳልሰጣት ራሷ ቆርሳ ልትደግም እጇን ስትሰድ መታሁት። «ለቅምሻ ነው የተጠራሽው። የሚካኤልን ድልህ በአንቺ ሆድ ልጨርሰው?» አልኳት። ሳቀች። ያን ረጅም ሳቅ ስትስቅ ሳል አላቋረጣትም። ልብ አልኩ፤ ግን አልነገርኳትም።

ንዴቴ አልበረደም። እንዳትነኪ ብያት ነበር፣ ነካች። ከልቧ ይቅርታ ጠይቃለች፣ እኔም በአፌ ይቅር ብያለሁ፤ ሆዴ ገና እየተብላላ ነው፣ መቼ እንደሚሰክን እኔም አላውቅም። ድልሁም ለዳግማይ ትንሣኤ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ከደረሰ ዳቦውን ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች፤ ያ ትንፋሽ ያጠራት ልጅ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። እኔን ተዉኝ፣ እኔን ንዴቴ ያቆመኛል። የልጄ የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና ነው። ስትጸልዩ እሷን አስቡልኝ።